መጀመሪያ የወጣው እጅ

"እዚህ ጋ" አለች ልጅቷ፣ ጣቷን ወደ ሲስተር ቀኝ እጅ ቀስራ።

ተሳስታለች፤ ሥዕሉ ያለው በግራው ነበር። ሲስተር ግን ፊቷን ሳትለውጥ "እሺ፣ የኔ እናት" አለችና ካርዶቹን መልሳ ወደ ኋላዋ ወሰደች። የግራ ትከሻዋ ሲጥጥ አለባት፤ ጥርሷን ነከሰች። ትከሻዋን ከያዛት ሁለት ወሩ ነው። ቅባት ታዞላት ነበር፤ ቅባቱ የሚታሸው ግን ከጀርባ በኩል ነው፣ እሷ ደግሞ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ። ልጇ ትዳር ይዞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወጥቷል፤ እሁድ እሁድ ይደውልና "ደህና ነሽ?" ይላታል፣ "ደህና ነኝ" ትለዋለች፣ በቃ አለቀ። ጎረቤት አንኳኩቶ ጀርባዬን እሹልኝ አይባል ነገር። ቅባቱ ክዳኑ ሳይነሳ አልጋዋ ራስጌ ተቀምጧል።

የምትሠራው የዓይን ክሊኒክ ውስጥ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ወደ እሷ የሚላኩት መነጽር ብቻውን የማይበቃቸው፣ ግን ደግሞ ዓይነ ስውር የማይባሉ ልጆች ናቸው። ጥቁር ፊደል ከነጭ ሰሌዳ ላይ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ዓለም ግን በጥቁርና በነጭ አልተሠራችም። ደረጃው ግራጫ፣ ወለሉም ግራጫ፤ ውሃው የብርጭቆውን መልክ ይዞ ቁጭ ይላል። ይህን የመለየት አቅም የሚለካው ምርመራ ኮንትራስት ይባላል፣ መሣሪያውም ካርድ ነው። በአንዱ ካርድ ላይ የምትስቅ ልጅ ፊት በመስመር ተሥሏል፤ ልጆቹ "ሳቂታ" ይሏታል። ሌላው ካርድ ባዶ ነው። ሲስተር ከኋላዋ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን አንስታ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ይዛ ታሳያለች፤ ልጁ ሳቂታ ያለችበትን እጅ ይጠቁማል። የመጀመሪያዋ ሳቂታ ከሰል ናት። ከዚያ እየገረጣች፣ እየገረጣች ትሄድና ስድስተኛዋ ላይ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው እንኳ አለች ወይስ የለችም ብሎ ይከራከራል።

ልጅቷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አልሳተችም። ከሦስተኛዋ ጀምሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሦስተኛዋ ላይ ቀኝ አለች። አራተኛዋ ላይ ቀኝ። አምስተኛዋ ላይ ቀኝ፤ ስድስተኛዋም ላይ ያው ቀኝ። ሲስተር አራቱንም እያቀያየረች ደገመችላት። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። ሥዕሉ የማይታየው ልጅ ይገምታል፤ የሚገምት ልጅ ደግሞ ያመነታል፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ይህችኛዋ ያየች ሰው ያህል እርግጠኛ ናት።

ሲስተር እርሳሷን አስቀመጠችና ልጅቷን አየቻት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያክላል። ትምህርት ቤት "ልዕልት" ነው የሚሏት። ስም ከቤት ይወጣል ጎረቤት ይቀበላል እንዲሉ፣ መጀመሪያ ያወጣላት የገዛ አጎቷ ነው፤ በደስታ ቀን እጁን ዘርግቶላት ዝም ብትለው፣ "ምነው ልዕልት፣ እኛን አልመጥን አልንሽ?" አለና ስሙ በዚያው ቀረ።

ጠዋት ይዟት የመጣው አባቷ ነበር። ቀለም ቀቢ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ነጭ አለ። ገና ሳይቀመጥ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው።

"ይኸው ሲስተር፣ ያምናው ወረቀት። ፊርማውም የእርስዎ ነው።"

የእሷ ነበር። "ኮንትራስት፦ ስድስት ከስድስት" ይላል፤ ከሥሩም፣ "ሰላምታ አለመመለሷና ሰው አለማወቋ ከማየት ጋር የተያያዘ አይመስልም።" ወላጆቹ ያኔ አጥብቀው የጠየቁት ይህንኑ ነበርና መልሷን በጥሩ ጽሕፈት ነው ያሰፈረችው።

"እንግዲህ ዓይኗ ካልሆነ ጠባይዋ ነው" አለ አባትየው። "ሰው ፊት ትነሳለች። ውሃ ቅጂ ስትባል ግማሹን መሬት ታጠጣለች። ደረጃ ላይ እየወደቀች ጉልበቷን ጨረሰች፤ መጽሐፍ ስትይዝ ግን ዓይኗ ይበራል። ሲያሻት ነው የምታየው። ሰኞ እህቴ ዘንድ፣ ሌላ ከተማ እልካታለሁ፤ ትኬቷም ተቆርጧል። እህቴ ቀልድ አታውቅም፣ ታስተካክላታለች። የዚያ ትምህርት ቤት አዲስ የዓይን ወረቀት አምጡ ስላለን ነው።"

ልጅቷ ይህ ሁሉ ሲወራ በሩ ጋ ቆማ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርግ ነበር። ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ የምትሰማ ነው የምትመስለው። ሲስተር አባትየውን ውጭ እንዲጠብቅ ጠይቃ ነበር ምርመራውን የጀመረችው።

አሁን ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

"ትንሽ እንረፍ። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ምን ትጫወታላችሁ?"

"እኔ አልጫወትም።"

"ለምን?"

"አይጠሩኝም።"

"አንቺስ ሄደሽ አትጠሪያቸውም?"

ልጅቷ ዚፕዋን ወደ ላይ ሳበች። "ማን ማን እንደሆነ ዝም ካሉ አላውቅም። ሲያወሩ ነው የማውቀው። ስሄድ ደግሞ ዝም ይላሉ።"

ሲስተርም ምሳዋን በዚህች ክፍል ውስጥ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ በሩን መለስ አድርጋ ነው የምትበላው፤ ካፍቴሪያው ውስጥ ወሬው የሚቆመው እሷ ስትቀመጥ ስለሚመስላት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅም አትናገርም። ተነሳችና ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አስደግፋ አቆመቻቸው፤ በትልቅ ፋይል ጋረደቻቸው። ሐሳቧ ትከሻዋን ለማሳረፍ ብቻ ነበር።

"አሁን ፋይሉን አነሳለሁ። ሳቂታ የት እንዳለች ትነግሪኛለሽ።"

ጥቁሯን አገኘቻት። ሁለተኛዋንም አገኘቻት። ሦስተኛዋ ላይ ፋይሉ ሲነሳ አንገቷን አስግጋ ብዙ ቆየች።

"ሁለቱም ባዶ ናቸው" አለች።

"ደህና አድርገሽ እዪ።"

"ባዶ ናቸው። እጅዎንም ደብቀውታል።"

"እጄ ምን ያደርግልሻል?"

"ሳቂታ ያለችው መጀመሪያ በሚወጣው እጅ ነዋ" አለች ልጅቷ፣ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ እየገረማት። "አምና እንደዚያ ነበር። ዛሬ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ይኼኛው ነው" ብላ የሲስተርን ቀኝ እጅ ነካችው።

ሲስተር ክው አለች።

ምን እንዳደረገች ለማወቅ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም፤ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ከጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የምታነሳው ሥዕሉን ነው፤ ቀጥላ በሌላው እጇ ባዶውን ትፈልጋለች። ካርድ ቀድሞ የያዘው እጅ ቀድሞ ይወጣል፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል። ክፍሏ ቀዝቃዛ ስለሆነች ጥቁር ሹራብ ከነጭ ጋዋኗ በላይ ትደርባለች፤ ጥቁር እጅጌ በነጭ ጋዋን ላይ ደግሞ ለዚህች ልጅ ከመንገድ መብራት እኩል ነው። ልጅቷ አምና ሳቂታን ሳይሆን እጅጌዋን ስትጠቁም ነው ስድስት ከስድስት ያገኘችው። ዘንድሮ የታመመው ትከሻ ግራ እጇን ሁልጊዜ ሲያዘገየው የልጅቷ መላ ከሸፈ። ካርዶቹ የመጡ ጊዜ ያሠለጠኗቸው ሴትዮ፣ "ሁለቱም እጅ እኩል ይውጣ፤ ልጁ ካርዱን ካላየ እናንተን ነው የሚያየው" ብለው ነበር። ያኔ ከሁሉ ይበልጥ ጭንቅላቷን የነቀነቀችው እሷ ነበረች፤ ሰው የሚያውቀው የመሰለውን ነገር ሲሰማ ጭንቅላቱ ይቀድማል።

"ታዲያ አምና ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት?"

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ጎበዝ አሉኝ።"

"እኔ?"

"ስድስት ጊዜ። ስድስቱንም ጎበዝ አሉኝ።"

ሲስተር ልጅቷን ከረሜላ አስይዛ እዚያው እንድትቆይ ነገረቻትና በጎን በኩል ባለው በር ወደ ዶክተሩ ክፍል ወጣች። የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ በእድሜ ታናሽ ወንድሟ ሊሆን የሚችል፣ ተለማማጅ ሆኖ ሲመጣ ልጆችን መመርመር ያስተማረችው እሷ ናት። ያን ማስታወሷ ደግሞ ሌላ ሕመም ሆነባት። ሁሉንም ነገረችው።

ዶክተሩ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አድርጎ አየ። "ስድስት ከስድስት እኔንም ገርሞኝ ነበር፣ በእንዲህ ዓይነት ዓይን። የእርስዎ ስለሆነ ዝም አልኩ።"

"ዝም ባትል ጥሩ ነበር።"

"እሺ፣ አሁን ምን ይደረግ? ቀንሷል ብለው ይጻፉ ሲስተር። አምና ስድስት፣ ዘንድሮ ሁለት። ዓይን ይለዋወጣል፤ ማን ይጠይቃል? ልጅቷ የሚያስፈልጋትን እርዳታ ታገኛለች፣ የእርስዎም ስም አይነሳም። ጡረታዎ ሦስት ዓመት ቀርቶት በራስዎ ላይ ወረቀት መጻፍ ምን ይባላል?"

ክፉ ሰው አይደለም። የሚላት ሁሉ ለእሷ አስቦ ነው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። "አስብበታለሁ" ብላው ወጣች።

አባትየውን አስገባችው። ሦስተኛዋን ካርድ አንስታ ሰጠችው።

"ይህችን ያዩዋታል?"

"የምትስቅ ልጅ ናት። አያታለሁ።"

"ልጅዎ አታያትም። ከዚህች ወዲያ ያሉትንም አንዳቸውንም አታይም።"

አባትየው ካርዱን አገላብጦ አየው፣ አንዳች ማታለያ ያለበት ይመስል። "መጽሐፍ ታነባለች እኮ።"

"መጽሐፍ ጥቁር በነጭ ነው። እርስዎ ቀለም ቀቢ ነዎት አይደል? ነጭ ግድግዳ ላይ ሁለተኛ ነጭ ሲደርቡ፣ የት ጋ እንደደረሱ ይታይዎታል?"

"የለም። አምፖል ከጎን አስመጣለሁ። ያለዚያማ ዘልዬው አልፍና በነጋታው ጉዱ ይወጣል።"

"ለእሷ የሰው ፊት እንደዚያ ነው፤ አንድ ቀለም በራሱ ላይ እንደተደረበ። ፊት እንዳለ ታውቃለች። ፊቱ ሳቀ፣ ተቆጣ፣ ነይ አለ፣ አይታያትም። እጅዎን ቢዘረጉላት እንኳ የሸሚዝዎና የእጅዎ ቀለም ከተቀራረበ እጅዎን አታየውም። ደረጃውም ያው ነው፤ ለእሷ ደረጃ ሳይሆን ቁልቁለት ነው።"

ሰውየው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀለም ከምንም በላይ የሚያውቀው ነገር ነውና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ባሰባት ማለት ነው?" አለ። "ካምና ወዲህ ባሰባት?"

ይኸውላችሁ፣ ውሸቱ ታጥቦና ተተኩሶ እጇ ላይ ተቀመጠላት። እሷ መናገር እንኳ የለባትም፣ አንገቷን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ሰውየው አዝኖ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ሲስተር ወደ ልጅቷ ተመለከተች። ልጅቷ ከረሜላዋን ጉንጯ ውስጥ እንደያዘች ማላመጥ አቁማ ነበር፤ ፊት ማየት ባትችል ዝምታ መስማት ታውቃለች። ባሰባት ከተባለ፣ አምና ያየች ልጅ ሆና ትቀራለች። አምና ፊት የነሳች፣ አምና አውቃ ውሃ የደፋች። ያ ዓመት ሙሉ የእሷ ጥፋት ሆኖ አብሯት ያድጋል።

"አልባሰባትም" አለች ሲስተር። "አምናም እንዲሁ ነበረች። የሳትኩት እኔ ነኝ። ካርዱን የያዝኩበት መንገድ ልክ አልነበረም፤ ውጤቷ የእሷ ሳይሆን የእጄ ነበር። የጻፍኩት ስህተት ነው። አላየችም፤ አልዋሸችምም።"

አባትየው ወረቀቱን አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ይቺን ወረቀት ጓዳ በር ላይ ለጥፌያት ነበር" አለ። "እናቷ፣ ተዋት፣ ልጅ ናት ስትለኝ በጣቴ ነው የማሳያት። አለቃዬ ቤት ድረስ መጥቶ ሰላም ሲላት ዝም ብትለው፣ እሱ ፊት በጥፊ መታኋት። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሲስተር።"

"አውቃለሁ።"

"አያውቁም። እንዴት አርገው ያውቃሉ?"

እውነቱን ነው፤ አታውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ አለችው። ይቅርታ አደርጋለሁም አላደርግምም አላላትም። ወደ ልጁ ዞረና መስኮቱን ከኋላው አድርጎ ቆመ፤ ሲስተር ክንዱን ይዛ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አዞረችው፣ በቅርብም እንዲቀመጥ አደረገችው። እንደ ተማሪ ታዘዛት።

"አባባ ነኝ" አለ፣ ሲስተር ሳትነግረው።

"አውቄያለሁ" አለች ልጅቷ።

"አክስትሽ ዘንድ መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ አይመስልም። ልጅቷ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አሳለፈች፤ ጥያቄው የምር መሆኑን ከድምፁ ልትለይ ጊዜ ወሰደች።

"አልፈልግም።"

"እሺ" አለ። ለአፍታ ከወለሉ ላይ ዓይኑን አላነሳም። "እሺ፣ ይቀራል።"

ሲስተር አዲሱን ወረቀት እዚያው እሱ እያየ ጻፈችው፤ ኮንትራስት ሁለት ከስድስት፣ ያምናው ውጤት በመርማሪዋ ስህተት የተሳሳተ ስለሆነ አይሠራበትም። ለአስተማሪዎቿም፣ ሲያናግሯት መጀመሪያ ማንነታቸውን እንዲናገሩ፣ ልጆቹም እንዲሁ እንዲያደርጉ ጻፈችላት። አባትየው የደረጃውን ጫፍ ጫፉን ነገ ቢጫ እቀባዋለሁ አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። የልጁን እጅ ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ሲስተር፣ ስንቱን ልጅ ነው እንዲህ የመረመሩት?"

ስድብ አልነበረም፤ መልሱን ማወቅ ፈልጎ ነው። ሲስተር ጠረጴዛዋ ላይ ወዳለው መዝገብ ተመለከተች፤ እሱ ሄደ።

ዕለቱ አርብ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኮሪደሩ ጭር አለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ፣ "አንቺ አትሄጂም እንዴ? ቤትሽ ሰው ይጠብቅሻል" ብላ ቀልዳ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ቀልድ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሲስተር ሹራቧን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ካርዶቹ ከመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። መዝገቡን ከፈተችና በራሷ ጽሕፈት፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቷ የሞላቻቸውን ገጾች ገለጠች። በካርድ የተመረመሩት ሠላሳ ስምንት ልጆች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ሃያ ስድስቱ "ስድስት ከስድስት" ናቸው። እንዲህ ያለ ውጤት በዚህች ክፍል ሊሆን እንደማይችል ማንም ሕፃን ቢደምረው ያውቃል፤ እሷ ግን ልጆቹ ክፍሏን ስለሚወዱት ነው ብላ ስትኮራ ነው የከረመችው። አንድም ልጅ እኔ ጋ አልቅሶ አያውቅም ትል ነበር።

ሰኞን መጠበቅ ይቻላል። ዶክተሩን ማማከር ይቻላል፤ ምን እንደሚላትም ታውቃለች። ሠላሳ ስምንት ቤት ደውሎ ተሳስቻለሁ ማለት፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ኮሪደር ማለፍም አለ። አሁንም ሲያዩዋት ወሬ የሚያቆሙ የሚመስላት ሰዎች፣ ያኔ የምር ያቆማሉ። ፈራች። ሰው ሁሉ ትቷት የቀረች ያህል ፈራች፤ ትከሻዋም ይጠዘጥዛታል።

የመጀመሪያው የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ነው። ስድስት ከስድስት፤ ከጎኑም፣ "ያያል፤ ትኩረት ይጎድለዋል" ብላ ጽፋበታለች። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የጠረጴዛውን ስልክ በቀኝ እጇ ሳበችው፣ ቁጥሩን መታችው። አራት ጊዜ ጠራ። ድስት ሲገጫጭ ከኋላው የሚሰማበት፣ የደከመው የሴት ድምፅ አነሳው።

"ሀሎ፣ ጤና ይስጥልኝ" አለች ሲስተር። "የደወልኩት ስለ ልጅዎ ነበር።"

ሴትየዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ደግሞ ምን አጠፋ?"

"እሱ ምንም አላጠፋም" አለች ሲስተር። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"